ቀፎውን ለፎቶ ብዬ ያዛወርኩ ዕለት

የላይኛው ከንፈሬ ዛሬ ከእኔ ቀድሞ በበር ይገባል።

ቀልዴን አይደለም። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በመጣሁበት ሚኒባስ ሾፌሩ በመስታወቱ ሁለት ጊዜ አየኝ። ሦስተኛው ላይ አላስቻለውም። "እህቴ፣ ማን መታሽ?"

ተሳፋሪው በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ መልሴን ጠበቀ።

"ንብ" አልኩ።

ማንም አላመነኝም። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው "አይዞሽ ልጄ፣ ከክፉ ባል ብቸኝነት ይሻላል" አሉኝ። ባል የለኝም ብል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሊመጣ ነው። "እሺ እናቴ" ብዬ ወረድኩ።

ወሬው ተዛብቶ ከሰው ከሚደርሳችሁ ከራሴ ስሙት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ክረምቱ እንዴት እየወጣ እንደሆነ ሳሳያችሁ ነው የከረምኩት። የደፈረሰው ወንዝ ሲጠራ። የመጀመሪያዋ አደይ። ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልኬን ቻርጅ አድርጌ አጎቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አጎቴ አያ ውብነህ የሚኖሩት ከቡሬ ትንሽ በባጃጅ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ገጠር ነው።

ዛሬም ሄድኩ። ነሐሴ ላይ ጫማዬን አንድ እግሩን ውጦ ያስቀረብኝ መንገድ ደርቋል። የማሳው ዳር ሁሉ ቢጫ ነው። ዓመቱን ሙሉ ድንቢጥ መስሎ ሰው ሳያየው የሚከርመው የመስከረም ወፍ ቀይ ካባውን አውጥቶ ዳጉሳው ላይ ይንጎራደዳል። እኔ በበኩሌ ለእሱ ደስ ብሎኛል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መታየትን ማን ይጠላል?

ችግሩ የጀመረው መታየት ከምትለዋ ቃል ላይ ነው።

አያ ውብነህ ደጅ አንድ ዋንዛ አለ። ዋንዛው ላይ አንድ ቀፎ ተሰቅሏል። ባዶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው።

ባለቤታቸው አክስቴ ጥሩነሽ በሕይወት እያለች ያ ቀፎ የእሷ ነበር። ማሩን ለእንግዳ፣ ሰሙን ለጧፍ። ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ሰሙን ራሷ አቅልጣ፣ ለጥር አስተርእዮ ማርያም አንድ እቅፍ ጧፍ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው በጥር ወር ዐረፈች። በዚያው ዓመት ንቦቹም ቀፎውን ጥለው ሄዱ።

አያ ውብነህ "እሷን ተከትለው ነው" ይላሉ። እኔ ደግሞ የፀረ አረም መድኃኒት ርጭት መሆኑን አንድ ጊዜ በደንብ አድርጌ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና "ይሆናል ልጄ፣ እሷም መድኃኒት አይስማማትም ነበር" አሉኝ።

ለሙት ዓመቷ የሱቅ ሻማ ይዘው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ካህኑ ምንም አላሏቸውም። እሳቸው ግን ሻማውን ከጋቢያቸው ሥር ደብቀው ነው የገቡት። ስለዚህ ዘንድሮ ቀፎውን አወረዱት፣ ውስጡን ጠረጉት፣ በወይራ ጭስ አጠኑት፣ መልሰው ሰቀሉት። መንጋ ከገባላቸው ለጥር ከራሳቸው ቀፎ ሰም የተሠራ ጧፍ ይዘው ይሄዳሉ። የፈለጉት ይህንኑ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ጠዋት ስደርስ ዋንዛው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታዬን እንኳ በሹክሹክታ ነው የመለሱልኝ።

"አየሻቸው?"

አየሁ። አሥር፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ንቦች በቀፎው አፍ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ዙሪያውን ይዳስሳሉ።

"ቃፊሮች ናቸው። ቤት እያዩ ነው። ትናንት ሦስት ነበሩ። ዛሬ እንዲህ ከበዙ ወደውታል ማለት ነው። መንጋው ሩቅ አይደለም" አሉኝ። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ወንፈል ስለነበረባቸው፣ የሰው ጉልበት በልቶ መቅረት ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ ወደ ጎረቤት ዳጉሳ አረማ ሄዱ። "አንቺ አለሽ አይደል፣ ብትጠሪኝ እሰማለሁ" ብለው።

"ቀፎውን አትንኪ" አላሉኝም።

ለምን ይሉኛል? ማን ጤነኛ ሰው ቃፊር የገባበትን ቀፎ ይነካል?

እስቲ አሁን ከእኔ ጋር በስልኬ ፍሬም ውስጥ እዩ። ከፊት ቀፎው። ከላይ የዋንዛው ቅጠል። የጠዋት ብርሃን። ከኋላስ? ከኋላ የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ። በየትም በኩል ብዞር ቆርቆሮው ይከተለኛል። ተንበርክኬ ሞከርኩ። ተንጋልዬ ሞከርኩ። በሁሉም ፎቶ ላይ የአክስቴ ቀፎ ከሽንት ቤቱ ጣሪያ የበቀለ ይመስላል።

ከወዲያ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ አጥሩ አጠገብ ግራር አለ። ሥሩ በሙሉ አደይ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ገምታችኋል።

መሰላሉ እዚያው ነበር። ቃፊሮቹ ለጥቂት ጊዜ ዞር ሲሉ ጠብቄ ገመዱን ፈታሁ፣ ቀፎውን አቅፌ ወረድኩ፣ ከግራሩ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩት። ባዶ ቀፎ ምን ይከብዳል። "ሁለት ደቂቃ ብቻ" አልኩ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

ፎቶው ሊገለጽ አይችልም። በፎቶ ዕድሜዬ እንዲህ ዓይነት አንስቼ አላውቅም። እዚያው ሆኜ ኔትወርክ ፈልጌ ፖስት አደረግሁት። "መንጋውን በመጠበቅ ላይ" ብዬ ጻፍኩበት። እናንተም ልብ ልብ ላካችሁልኝ። አንዷ "ማሩ ሲደርስ እኛን እንዳትረሺ" ብላለች። እህቴ፣ አልረሳሁሽም፣ ግን አንብቢ።

ከዚያ ቀዩ ወፍ መጣ። አጥሩ ላይ አርፎ ላባውን ነፋ። ተከተልኩት። ከአጥሩ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ወንዙ ዳር። አንድ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ አላውቅም፣ ስልኬ ውስጥ የዚያ ወፍ ጀርባ ብቻ አርባ ጊዜ አለ።

እናም ድምፁን ሰማሁት።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤት መስሎኝ ነበር። ቀና ስል በኑጉ ማሳ ላይ አንድ ጥቁር ነገር እየተጠቀለለና እየተዘረጋ ይመጣል። በሕይወቴ የንብ መንጋ ሲጓዝ አይቼ አላውቅም ነበር። ያምራል። እግሬን አንስቼ ስሮጥ እንኳ እንደሚያምር እያሰብኩ ነበር።

መንጋው ቀጥ ብሎ ወደ ዋንዛው ሄደ። አልተጠራጠረም፣ አላመነታም። ቀፎው ወደነበረበት ቅርንጫፍ፣ ገመዱ ወደነበረበት ቦታ።

ምንም የለም።

ዞሩ። ተመለሱ። ቅርንጫፉን ዳሰሱ። እንደገና ዞሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ቃፊር ንብ ቤት ካገኘች በኋላ ተመልሳ በጭፈራ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለመንጋው እንደምታሳይ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ቀስት እስላለሁ። ከዚያም ራሴ ወገቤን እየነቀነቅሁ አሳያቸዋለሁ፣ ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። ንቦቹ ትምህርቱን አንድ ሳያስቀሩ ፈጽመዋል። የወደቀችው መምህርቷ ናት።

አያ ውብነህ መንጋውን ከማሳው አይተው ሮጠው መጡ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው በባዶ እግራቸው፣ ጋቢያቸው ከኋላቸው መሬት እየጠረገ፣ እየሳቁ ነበር የሚሮጡት። ያን ሳቅ ነው መርሳት ያቃተኝ።

ዋንዛው ሥር ደረሱ። ቀና አሉ።

"ቀፎዬስ?"

በጣቴ ግራሩን አሳየኋቸው።

ግራሩን አዩት። እኔን አዩኝ። እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩት። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ከዚያ ሁለታችንም ሮጥን። ቀፎውን አቅፌ መሰላሉ ላይ ወጣሁ፣ እሳቸው ከታች ይዘውልኛል፣ መንጋው በጆሮዬ ዙሪያ ይጮኻል። ገመዱን ለማሰር ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በአንዱ መሰላሉን አንቄያለሁ። ከንፈሬ ያን ጊዜ ነው የተነደፈው። ጩኸቴን የሰሙ የመንደሩ ውሾች በሙሉ መለሱልኝ። ቀፎው ሊወድቅ ሲል በግንባሬ ደገፍኩት።

ሳስረው ረፍዷል። መንጋው ከቅርንጫፉ ተነሳ፣ አንድ ጊዜ ከላያችን ዞረ፣ አጥሩን ተሻገረ።

ከአጥሩ ማዶ አያ ደምስ አሉ። የአጎቴ ጎረቤት ናቸው፣ ዘጠኝ ቀፎ አላቸው። ስምንቱ ሙሉ ነው። ዘጠነኛውን "ለዓመል ያህል" ነው የሰቀሉት።

ንቦቹ እዚያ ገቡ። ተሰልፈው፣ ሳይጋፉ።

አያ ደምስ ከቤት ወጥተው "እሰይ" ሲሉ ሰማናቸው። ቀጥሎ በአጥሩ በኩል እኛን አዩንና ድምፃቸውን ቀነሱ። በአገሩ ሕግ ንብ የገባበት ሰው ነው ባለቤቱ፣ ክርክር የለውም። ትንሽ ቆይተው በአጥሩ ቀዳዳ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዟት።

"አያ ውብነህ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም የሰቀልኩት። ኅዳር ላይ ማር ስቆርጥ ሰሙን ይዤልዎ እመጣለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ደምስ። ሰም ጠፍቶ እኮ አይደለም። ከእሷ ቀፎ ይውጣ ብዬ ነው እንጂ።"

አያ ደምስ እኔን በጎን አዩኝ። "ይቺ ናት ፍኖተ ሰላም የምታስተምረው?"

"አዎ።"

"ምን?"

አጎቴ ምን ያህል ደግ ሰው እንደሆኑ ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። "እኔ እንጃ" አሉ።

አያ ደምስ ከሄዱ በኋላ ዋንዛው ሥር ተቀመጥን። ከንፈሬ በየደቂቃው ይጨምራል። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጀመርኩ፣ ግን ባበጠ ከንፈር ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም፣ ቃሉ ሁሉ "ፍ" እየሆነ ይወጣል። አያ ውብነህ ለጥቂት ጊዜ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው።

"አክስትሽም እንዳንቺው ነበረች" አሉ። "በተጋባን በዓመቱ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ስታሳምር ውላ አልጋውን ከግራ ግድግዳ ወደ ቀኝ አዞረችው። እንዲህ ያምራል ብላ። ለእኔ አልነገረችኝም። እኔ ጠላ ቀምሼ መጥቼ፣ ኩራዙም ጠፍቷል፣ እንደ ልማዴ ራሴን ወርውሬ ስጥል መሬት።"

"ምን አደረጉ ታዲያ?"

"ምን አደርጋለሁ? እሷ አልጋው ላይ ሆና ስትስቅ እኔ እዚያው አደርኩ።"

የአያ ደምስን ቀፎ በአጥሩ ላይ አሻግረው እያዩ ነበር።

"እኔ ግን ጎረቤት አልገባሁም" አሉ።

ሳቅሁ። ሳቄ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እሳቸውም በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ "የወይራው ጭስ ነው" አሉ። ጭስ አልነበረም።

መስከረም ገና አላለቀም። ሌላ መንጋ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ስወጣ ገመዱን እንደገና አጥብቀው እያሰሩት ነበር፣ ቋጠሮው ከሦስት ወደ ስድስት አድጓል። ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ያን የግራሩን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ። ላይካችሁን ይቅር በሉኝ። የሽንት ቤት ቆርቆሮ ያለበትን አሁን ለጥፌላችኋለሁ፣ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው።

እናንተስ? ለፎቶ እንዲያምር ብላችሁ ከቦታው ያነሳችሁት ነገር የለም? ካለ ዛሬውኑ መልሱት። ምናልባት ይህን ጊዜ ቦታውን አምኖ አንዱ ወደዚያ መንገድ ጀምሮ ይሆናል።