እንዳልመለስ የተሰጠ ጃንጥላ

ከጃንጥላ ጋር ተጣልቼ አላውቅም ነበር። ሲዘንብ እዘረጋዋለሁ፣ ሲያባራ አጥፌ አውቶቡስ ላይ እረሳዋለሁ፤ በቃ። ዘንድሮ ግን አንድ ጃንጥላ አንጨርጭሮኛል። ለዝናብ የሚሆን እንኳ አይደለም። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ የስለት ጃንጥላ። ስሙኝማ።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ሙያዬ ነርስ። ጀርመን አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ስሠራ አምስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ያየሁትን አላወራችሁም። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው። እየቆየሁ ግን ለመድኩ። ክፉ ነገር እኮ ነው መልመድ! አሁን ለፈረቃዋ ሁለት ደቂቃ ያረፈደች ባልደረባዬን አፍጥጬ አያታለሁ። እኔ! አዳማ እያለሁ “ደርሻለሁ” ብዬ ስልኩን ዘግቼ ገላዬን ልታጠብ የምገባው! የጎረቤቴንም በር ሳልደውል አላንኳኳም። ከማጥባቸው አሮጊቶች አንዷ የገዛ ልጃቸውን ስም ረስተው የእኔን ያስታውሳሉ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ወጣልኝ። ለእማዬ ደውዬ “ወረቀቱ ወጣ” አልኳት። ከዚያ በኋላ አለቃዬ ቋሚ የሥራ ውል ይዛ መጥታ ፈርሚ አለችኝ። እረፍቴን ስጪኝና አገሬ ሄጄ አስቤበት ልምጣ አልኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ? የሄድኩት ለማሰብ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ “በቃሽ፣ ነይ” እንዲለኝ ነበር። ቢለኝ ኖሮ አልፈርምም ነበር።

ጥር ላይ አዳማ ገባሁ። ያ ሙቀቱ፣ ያ ንፋሱ፣ ያ አቧራው፤ ባጃጁ ሲያንገጫግጨኝ እንኳ ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ መኝታ ቤቴ የለም። ማለቴ ክፍሉስ አለ፤ ታናሽ እህቴ ሰብለ በመንገድ በኩል በር አስከፍታለት ጸጉር ቤት ሆኗል እንጂ። አልጋዬ በነበረበት ቦታ ሁለት የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ቆሟል። ምነው ሳትነግሪኝ ብላት፣ “ትመጫለሽ ብዬ መቼ አሰብኩ?” አለችኝ። ሳሎን ፍራሽ ተነጠፈልኝ። ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን በቢጎዲን የጠቀለለች ደንበኛ ሁሉ አንገቷን አስግጋ “ውጭ የቀረችው እህትሽ ይቺ ናት?” ትላታለች። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ እኮ ነው! የቀረሁት የት ነው ታዲያ?

እስቲ ልሞክራቸው ብዬ “ልመለስ ይሆናል” ማለት ጀመርኩ። ወይ ጉድ! ሰብለ አሞሻል እንዴ አለችኝ። ቢሾፍቱ ያለችው አክስቴ ጋ ሄጄ ብነግራት ደግሞ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እዚያ የሠራሽው ወንጀል አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ! ሰው እናቱ ቤት ለመመለስ የግድ ወንጀል መሥራት አለበት?

አንድ ተስፋ ያደረግኩባቸው ሰው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። “አከም ጅርታ?” ብለው ሳሙኝና፣ ደክሞሻል መሰለኝ አሉኝ። እንባዬ ሊመጣ ደረሰ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? በጣም እንጂ አባባ፣ ልመለስ ነው የማስበው አልኳቸው። “ፈረስም ሲደክመው ነው ቤቱን የሚያስበው” አሉኝ። “ሲያርፍ ይረሳዋል።” ይኸው ነው ምክራቸው። እሳቸውም አልተባበሩኝም።

አሁን ወደ ጃንጥላው ልምጣ። እማዬን አታውቋትም። እማዬና ማርያም የልብ ወዳጅ ናቸው። አባቴ ከአቦምሳ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተሳለች፤ ተዛወረ። ሰብለ በሰባት ወሯ ስትወለድ እንድታድግላት ተሳለች፤ ይኸው አድጋ መኝታ ቤቴን ወሰደች። አባቴ ሲጋራ እንዲተው ተሳለች፤ እየተራገመም ቢሆን ተወ። የእማዬ ስለት መሬት ወድቆ አያውቅም።

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በጠዋት ቀስቅሳ ነጠላ አለበሰችኝ። እሷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፋለች። ምንድን ነው ብላት ቀድማኝ ከቤት ወጣች። ደብራችን ደረስን፣ ተቀደሰ፣ ስለት ያለበት ሁሉ ወደ ፊት ወጣ። እማዬም ወጣችና ጨርቁን ፈታችው፤ ያ ቀይ ጃንጥላ ነው። ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን አስጠጉ።

“ምእመናን! እኚህ እናት ልጃቸው በባሕር ማዶ ጸንታ እንድትቀርላቸው ተስለው፣ እመቤታችን ሰምታቸዋለች! ዳግመኛ እንዳትመለስ አድርጋ አጽንታላቸዋለች! እልል በሉ!”

ያ ሁሉ ሕዝብ እልል አለ! እንዳልመለስ! እኔ እዚያው መሀላቸው ቆሜ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እንዲያውም ከጎኔ የቆሙ ባልቴት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና “እልል በይ እንጂ ልጄ፣ በሰው ደስታ መቅናት ጥሩ አይደለም” አሉኝ። ምን ላድርግ? እልል አልኩ።

ባጃጅ ውስጥ ግን ፈነዳሁ። በየትኛው አገር ነው እናት ልጇ እንዳትመለስ ጃንጥላ የምትሰጠው? ስንት ሰው ልጄን መልሽልኝ ብሎ ይሳላል፣ አንቺ ውሰጂልኝ ትያለሽ? እየጮህኩ ነበር፤ ሹፌሩ ዘፈኑን ቀንሶ ያዳምጠናል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ እሷም ተራዋን ተቆጣች።

“ማን ተሳዪልኝ ብሎኝ ነው የተሳልኩት? በደወልሽ ቁጥር ‘ወረቀቱን ከከለከሉኝ አለቀልኝ፣ ጸልዪልኝ’ እያልሽ ያለቀስሽው ማን ነው? የጠየቅሽኝን ጠየቅኩልሽ! ልመለስ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?”

ውሃ ሆንኩ። እውነቷን ነው፤ አልቅሻለሁ። እንደገና ደግሞ ተናደድኩ፤ እውነቷን ሲሆን የባሰ ታናድዳለችና።

“እሺ፣ አሁን ልመለስ አልኩሽ! በቃሽ፣ ነይ በዪኝ!”

እማዬ እንዳበደ ሰው አየችኝ። “ዛሬ? እልልታው ሳይበርድ? ሰጥታኝ፣ ሕዝብ ፊት አመስግኛት፣ ቤቴ ሳልደርስ ‘ይቅርብኝ’ ልበላት? ማርያምን ላሳፍራት?”

ሹፌሩ “እውነታቸውን ነው፣ ነውር ነው” አለ። እሱን ማን ጠየቀው?

ጀርመን ተመልሼ መጣሁና ፈረምኩ። በንዴት ነው የፈረምኩት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። አለቃዬ ደስ አላለሽም እንዴ ብትለኝ፣ ጥርሴን ነክሼ በጣም ደስ ብሎኛል አልኳት። አንዴ ቋሚ ውል ከፈረምሽ ከእንግዲህ ማንም አይነቀንቅሽም፣ ይህ እስከ ጡረታሽ ነው ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ማታ ሻንጣዬን ልፈታ ዚፑን ጀመርኩና ተውኩት።

ባለፈው እሑድ ሰብለ ደወለች። እሷም ተናዳለች። እማዬ ጨርቅ ተራ ወርዳ አረንጓዴ ከፋይና ወርቃማ ዘርፍ ገዝታ ተመልሳለች፤ ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አትናገርም። ሰብለን ግን ካስኮቹን በሙሉ አውጥታ ሌላ ቤት እንድትፈልግ አዝዛታለች። አናጢም ጠርታ አልጋ እያሠራች ነው።

“ምን አድርገሻት ነው?” አለችኝ ሰብለ።

ምንም አላደረግኳት። እኔ እዚህ ነኝ፣ ውሉም ቋሚ ነው። ማንም አይነቀንቅሽም ብላኛለች አለቃዬ። እናቴን አታውቃትማ!