ቅዱስ ጴጥሮስ በማን ጀልባ ይውጣ?

ቀን፦ ጁን 22፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ቦታ፦ ካሌታ ኔግራ ወደብ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ

የተገኙ፦
ዶኛ ኤርሊንዳ (ሰብሳቢ፣ ሴቪቼ የሚባለውን በሎሚ የተዘፈዘፈ ጥሬ ዓሣ ሻጭ)
ዶን ባልታዛር (አንጋፋ ዓሣ አጥማጅ)
ራሚሮ (የነዳጅ ሠራተኞች ተወካይ፣ የዶን ባልታዛር ልጅ)
መምህር ኦቪዲዮ
እኔ ፀሐፊው

በመስኮት የገባ አንድ ፔሊካን የተባለ ትልቅ የባሕር ወፍም ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖረው ተገኝቷል። ቄሱ ባይመጡም ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ አደባባይ ላይ በሚቆመው ድንጋይ ስለሚቀረጸው የከተማችን ታሪክ ጽሑፍ

መምህሩ «ነዳጅ የወለዳት ከተማ» የሚል ረቂቅ አቀረቡ። ዶን ባልታዛር አያታቸው የሚጠጣ ውሃ ሲቆፍሩ ድፍድፍ ነዳጅ ቢወጣባቸው ተናደው ጉድጓዱን እንደደፈኑት አስታውሰው፣ «ዓሣ በልተን ነው ያደግነው፤ ናፍጣ የጠጣ ካለ እጁን ያውጣ!» አሉ። እጅ ያወጣ የለም። ከረጅም ውይይት በኋላ ድንጋዩ ምንም ሳይጻፍበት እንዲቆም ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ በዓመታዊ በዓሉ ቀን የቅዱስ ጴጥሮስን ሐውልት ባሕር ላይ ስለሚያዞረው ጀልባ

ራሚሮ፣ የአባቱ ጀልባ «መርሴዲታ» ስላረጀች ሐውልቱ በነዳጅ ኩባንያው ጎታች መርከብ እንዲወጣ፣ የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ሰደሪያም እንዲለብስ ጠየቀ። ሰደሪያውን ገዝቶ ይዞ መጥቷል።

ዶን ባልታዛር፦ «አርባ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ እግሩን እንኳ አላረጠብኩትም!»

ራሚሮ፦ «ጴጥሮስ እኮ ጌታ አጠገቡ ቆሞም መስጠም ጀምሮ ነበር፣ አባዬ!»

መምህሩ የወንጌሉ ጥቅስ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። የራሚሮ ሐሳብ በሦስት ድምፅ ለአንድ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ።

ዶን ባልታዛር ባርኔጣቸውን አንስተው ቆሙ፤ ግን አልወጡም። ፔሊካኑ በዚህ መሐል የሰብሳቢዋን ምሳ በላ።

ሰብሳቢዋም፦ «አንተ ልጅ፣ አባትህን እንዲህ የምታሳዝነው ምን ሆነህ ነው?»

ራሚሮ፦ «ጀልባዋ ምንም አልሆነችም። የፈራሁት ለአባዬ ነው፤ ዋና አይችልም!»

አዳራሹ ተረበሸ። ሰብሳቢዋ ለዶን ባልታዛር፦ «ስልሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖረህ?»

ዶን ባልታዛር፦ «የማጠምደው ጀልባ ላይ ሆኜ ነው። ውሃ ውስጥ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

ሳቁ እስኪበርድ ስብሰባው ለሩብ ሰዓት ተቋርጧል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ድንጋዩ አይቆምም፤ ጎታች መርከቡም ይቅር። ቅዱሱ እንደ ወትሮው በ«መርሴዲታ» ይወጣል። ሰደሪያውን ዶን ባልታዛር ይለብሳሉ፤ ራሚሮም አጠገባቸው ተቀምጦ ማሰሪያውን ይይዛል። ዶን ባልታዛር ብቻ ተቃወሙ።

ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል። ተቃዋሚው ሰደሪያውን እንደለበሱ ወጥተው በገበያው መሐል ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ታይተዋል።