መምሬ የባረኩት ገበያ

ወረታ ላይ የማይሸጥ ነገር አለ እንዴ? ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና ያለፈ ሰው ይመስክር። መኪናው ገና ቀስ ሲል ማንጎው፣ ሸንኮራው፣ የተቀቀለው በቆሎ በመስኮት ይገባል። ጎረቤቴ ደብሬማ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ካልተጠነቀቃችሁ ጥላችሁንም መዝና ትሸጥላችኋለች። እንዲህ ስላት ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ታዲያ እንዲህ ያለ አገር ተቀምጠን፣ ባለፈው ግንቦት አንዲት እንጀራ መሸጥ አቃተን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ልጄ ጥሩዬ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርቱ ሙሉ ቀን ስለሆነ ምሳዋን ቋጥሬ እሰዳታለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? የኔን ሆድ ያላየ ነው ቀላል የሚለው። ገና ከበር ስትወጣ ጭንቀቴ ይጀምራል። በልታ ይሆን? ቀምተዋት ይሆን? ትን ብሏት ይሆን? እናቴ «ልጅ የወለድሽ የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ እንዴ?» ትለኛለች። አይደለሁም። ጥሩዬን የወለድሁ የመጀመሪያዋ ግን እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

ትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳ የሚበሉበት መጠለያ አልነበረውም። በበጋ ዛፍ ሥር ይበላሉ፤ ደግ ነው። ጣጣው ዝናብ ሲመጣ ነው። የፎገራን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ጭቃው ጫማ ይውጣል። ባለፈው መስከረም ጥሩዬ ምሳዋን ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ተለጥፋ፣ ቆማ ስትበላ አየኋት። ከጣራው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ሽሮዋ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሷ እቴ፣ ወጥ የተጨመረላት ይመስል ዝም ብላ ትጎርሳለች። ከዚያ ሳል ያዛት። አቤት ሳል! እሷ ስትስል እኔን ጎኔን ይወጋኛል። ማሩም፣ ጤና አዳሙም፣ ጤና ጣቢያውም ተሞክሮ ስንት ቀን ቆይቶ ነው የለቀቃት።

ከየት ሆነሽ አየሻት እንዳትሉኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ነው። በምሳ ሰዓት እየሄድሁ ማጮለቅ ልማዴ ነው። ዘበኛው መጀመሪያ ተቆጡ። ኋላ ለመዱኝ። መጨረሻ ላይ «አንቺ ልጅ፣ በቀዳዳ ከምትማሪ ተመዝገቢና ግቢ» አሉኝ። የወላጆች ኮሚቴ ሲመረጥማ ማን ይከራከር? «እሷ እንደሁ ሁልጊዜም እዚሁ ናት» ተባለና ተመረጥሁ። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው! ስሜን ስጽፍ እንኳ ምላሴ አብሮ ይወጣል።

የጥሩዬ አስተማሪ መምህርት ሰናይት ትባላለች። ከአዲስ አበባ ነው የመጣች፤ ልጅ እግር ናት፤ ልጆቹን ስትወድ ለጉድ ነው። እሷ ናት በስብሰባው ላይ ተነሥታ «የምግብ ባዛር እናድርግ» ያለችው። እናቶች ምግብ ሠርተን እናመጣለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንሸጣለን። ሰፈርተኛው ይገዛል። በሚገኘው ገንዘብ እንጨትና ቆርቆሮ ተገዝቶ፣ ሠራተኛ ተቀጥሮ፣ ዝናቡ ሳይገባ ለልጆቹ የምሳ ዳስ ይሠራል። ይኸው ነው። ስትናገር ዳሱ ቆሞ ታየኝ። ጥሩዬም እግሯን አጣጥፋ ውስጡ ስትበላ ታየችኝ። ሁላችንም አጨበጨብን። ማጨብጨብ ምን ይከብዳል?

ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ትዝ ልትለኝ ይገባ ነበር። ሐሙሲት ላይ ምግብ ቤት ከፈተች። እጇ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ! ሰው ይጎርፍላታል። ግን የመጣው ሁሉ ወይ የአጎቷ ልጅ ነው፣ ወይ የክርስትና አባቷ ጎረቤት ነው፣ ወይ አብሮ አደግ ነው። በልቶ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ኧረ በማርያም! እኔን ልታሰድበኝ ነው?» ትላለች። ቤቱ ተዘጋ። ኋላ ይፋግ ሄዳ፣ አንድም የሚያውቃት ሰው በሌለበት ከፈተች። እዚያ ይኸውና ሰው ሆነች። ለካ ምግብ ለመሸጥ መጀመሪያ ባዕድ መሆን ያስፈልጋል።

እኔ ግን ይኸ ትዝ አላለኝም። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ሰው ባይመጣስ? «መምሬ ጥላሁን ከፍተው ቢባርኩልን ሰው ተከትሏቸው ይመጣል» አልሁ። መምህርት ሰናይት አቀፈችኝ። መምሬ የሰፈራችን ቄስ ናቸው፤ ሄጄ መስቀል ተሳለምሁና ነገርኋቸው። በግልጽ ነው የነገርኋቸው፤ ኋላ ሰው ሁሉ ስለጠየቀኝ ነው እንዲህ የምለው።

«አባቴ፣ እሑድ ትምህርት ቤት የምግብ ገበያ አለን። ባርከው ይክፈቱልን።»

«ገበያ?» አሉ።

«አዎ፣ ገበያ።»

«እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ።»

እሑድ ደረሰ። እኔ የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ፣ ምስር ወጥና አይብ ይዤ ሄድሁ። ደብሬ የዓሣ ወጥና አንድ የጎማ እግር የሚያህል ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ሌላዋ ብርዝ፣ ሌላዋ ዶሮ። መምህርት ሰናይት ዴስኮቹን ለእያንዳንዳችን ለየብቻ፣ ራቅ ራቅ አድርጋ አስቀምጣ ነበር። እኛ ግን ምን አደረግን? ገጠምናቸው። ተለያይተን ብንቀመጥ የተጣላን አይመስልም? አንድ ረጅም ገበታ ሆነ። ላዩ ባዶ ሲሆን ያስጠላል ተብሎ የድግስ ጨርቅ ተደረገበት። ነጠላችንን ወገባችን ላይ አሰርን። ሰዉም ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ልብሱ እንዳለ ገባ።

መምሬ መጡ። ቆመው አዩ። የተነጠፈ ገበታ። ያደገደጉ ሴቶች። ነጭ የለበሰ ሕዝብ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መስቀላቸውን አወጡና «አቡነ ዘበሰማያት» አሉ። ሁላችንም ብድግ አልን። እህሉን ባረኩ። እጃችንን ባረኩ። ልጆቹን ባረኩ። ከዚያ «እስቲ ያን ዳቦ አቅርቡት» አሉና የደብሬን ድፎ ቆርሰው ለየሰዉ አደሉት። በመጨረሻም «በሉ ልጆቼ፣ ማዕዱ ተባርኳል፤ ተቀመጡ» አሉ። ሕዝቡ ተቀመጠ። በአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ! ትልልቁ ሰውዬ ሁሉ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ገበያ ነበር እኮ» አልኋቸው በሹክሹክታ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ገበያ እንዴት እንደሚባረክ ማን አስተማረኝ? እኔ የማውቀው ማዕድ ነው። አሁንማ ተባረከ፤ ምን ላድርግልሽ?»

አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ደርባባ ሰው ነው። ገንዘቡን በእጁ ይዞ ፊቴ ቆመና ዋጋውን ጠየቀኝ። አፌን ከፈትሁ። እንጀራውን አየሁ። መምሬን አየሁ። በተባረከ እህል ላይ እንዴት ብዬ ሒሳብ ልጥራ? «ይቀመጡ እንጂ፤ ቆሞ ይበላል እንዴ?» አልሁት። ሰውየው ግራ ገብቶት፣ ብሩን እንደያዘ ተቀመጠ።

ተስፋዬን ደብሬ ላይ ጣልሁ። ዓለም ተገልብጣ ብታድር ደብሬ ሳትሸጥ አታድርም። ዘወር ብዬ ባያት፣ ለአንዲት ሴትዮ «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይችን ብቻ!» እያለች ታጎርሳለች። ሴትዮዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባለፈው ቅዳሜ ገበያ በሽንኩርት ሚዛን የተሰዳደበቻት።

«አንቺ ደብሬ፣ ሽጪ እንጂ!» አልኋት።

«አንቺስ ለምን አትሸጪም?»

«እኔማ አልችልበትም። አንቺ ነጋዴ ነሽ።»

«የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ሽንኩርት ማን ባርኮት ያውቃል?» አለችና ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች።

መምህርት ሰናይት የገንዘቡን ሣጥን ታቅፋ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። «እናቶች፣ ባዛሩ...» ስትል አንዷ ታጎርሳታለች። ያን አላምጣ «ዋጋው...» ስትል ሌላዋ ታጎርሳታለች። እንግዳ አይደለች? አፏ ባዶ ሆኖ አንዲት ቃል ሳትጨርስ ወጡም አለቀ፣ እንጀራውም አለቀ፣ ብርዙም ነጠፈ። ያን ጊዜ ባዶውን ሣጥን ዴስኩ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ «ዳሱስ?» አለች።

ዳሱስ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጥሩዬ ከግድግዳው ተለጥፋ ታየችኝ። ሳሏ ጆሮዬ ላይ መጣ። መምሬን የጠራሁትም እኔው! መሬት ብትከፈት ሳልጠራ እገባ ነበር።

በዚህ መሐል አያ ታረቀ ተነሡ። ከከተማው ዳር ሩዝ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እዚሁ ይማራል። ከዚያች ትንሽ ወንበር ለመነሣት ሁለት ሰው ደገፋቸው። እጃቸውን ታጠቡ። ጋቢያቸውን አጠበቁ። ግራ ቀኝ አዩና «እህሉንስ በላን። ሥራው የቱ ነው?» አሉ።

«የምን ሥራ አያ?» አልሁ።

«የምን ሥራ ትላለች እንዴ! ይኸን ሁሉ ጋግራችሁ፣ ቄስ ጠርታችሁ አስባርካችሁ፣ ይኸን ሁሉ ወንድ ያበላችሁት ለደቦ ካልሆነ ለምንድን ነው? ደቦ የጠራ ያበላል፣ የበላ ይሠራል። አጥር ነው? ጉድጓድ ነው? ንገሩና እንሂድበት!»

መምህርት ሰናይት ናት ከዛፉ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ ያሳየችው። «ዳስ... ለልጆቹ... ምሳ የሚበሉበት» አለች፤ ድምፅዋ ሊሰበር ትንሽ ቀርቶት።

አያ ታረቀ ሊቆጡ ምንም አልቀራቸው። «ለዚህች ነው አንገታችሁን የደፋችሁት? አትናገሩም ነበር!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጨረታ በሉት። አንዱ «ባሕር ዛፉ በኔ» አለ። አንዱ «ማገሩ በኔ»። የሩዝ ጭድ የሌለው አልነበረም፤ ለጭቃው ተትረፈረፈ። ደብሬም «ከሽንኩርት ቤቴ የተረፈ ቆርቆሮ አለኝ» አለች። ያ የባንክ ሠራተኛ ብድግ ብሎ «ሚስማሩ በኔ!» ሲል እፎይታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ብሩን የሚያወጣበት አገኘ!

እዚያው ሊጀምሩ ሲሉ መምሬ እጃቸውን አነሡ። «ዛሬ ሰንበት ነው!»

«እንግዲያ ነገ» አሉ አያ ታረቀ።

«ነገ ሚካኤል ነው!»

ማክሰኞ ተባለ። እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት። እሑድ የበላ ሰው ማክሰኞ ያስታውሳል? ባለቤቴ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ነገር ቶሎ አያስደነግጠውም። «ደቦ በልቶ የሚቀር ሰው የት ሊኖር ነው?» ብሎኝ ተኛ። እኔ ግን በማግስቱ ሚካኤልን ስማጸን ዋልሁ።

ማክሰኞ በጧት ሄድሁ። ከበሩ ሳልደርስ የአህያ ጋሪ፣ በላዩ ባሕር ዛፍ ተከምሮ ቀድሞኝ ቆሟል። ሰዉ ጉድጓድ ይቆፍራል። አያ ታረቀ አዩኝና መጀመሪያ ያሉኝ ምን ይመስላችኋል? «ቁርሱስ?» አሉኝ። ለካ ደቦ በሥራውም ቀን ይበላል! ሮጥን፤ እንደገና ጋገርን። ደብሬ «አንዴ ልንሸጥ ወጥተን ሁለቴ አበላን» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። መምህርት ሰናይት ሱሪዋን ጠቅልላ ከልጆቹ ጋር ጭቃ ረገጠች። መምሬም ዛፉ ሥር ተቀምጠው «ያ ማገር ጠመመ» ይላሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳሱ ቆመ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። እውነት ነው። ሸጠን ቢሆንማ ሰዉ በልቶ፣ ከፍሎ፣ አፉን ጠርጎ ይሄድ ነበር። የገዛ ሰው ይሄዳል። ያበሉት ሰው ግን ሥራው የቱ ነው ይላል። እኔ ዛሬም በዚያ ዳስ አጠገብ ሳልፍ እያንዳንዱን እንጨት በሰው ስም አውቀዋለሁ። እያንዳንዱንም አመሰግናለሁ።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዝናቡ ዘጭ አለ። ልቤ አልቻለም፤ ጃንጥላ ይዤ ሮጥሁ። ዘበኛው «ዛሬስ በበሩ ግቢ» ብለው ከፈቱልኝ። ዳሱን አየሁት። ጠብታ አላስገባም። የምሳ ዕቃዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው ደርቆ ደርቆ።

ልጆቹ የሉም።

ሁሉም ሜዳው ላይ ናቸው። ምሳቸውን ቶሎ ቶሎ ጎርሰው ወጥተው፣ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ዝናብ ይጠጣሉ፤ ጭቃ ላይ ይዘላሉ። መሐላቸው ጥሩዬ። ልብሷ ላይዋ ላይ ተጣብቆ፣ ከፀጉሯ ውሃ ይወርዳል።

«ጥሩዬ! አንቺ! ያን ዳስ ለማን ነው የሠራነው?» ብዬ ጮህሁ።

«ለምሳችን ነዋ እማዬ!» አለችኝ እየዘለለች። «ነይ እይው! ምንም አልረጠበም እኮ!»

ምን ትላላችሁ? አያ ታረቀን፣ መምሬን፣ ደብሬን፣ ሚስማር የገዛልንን ሰው ሁሉ እግዜር ይስጣቸው። ሽሮው ሳል አልያዘውም።