ጦጣ የማይበላው ወይን

«አባባ፣ የቱን ልቁረጥልዎ?» አለኝ ላንቃሞ፣ መቀሱን እንደከፈተ።

ከሀዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ፣ እሱ ችግኝ በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ፣ ሦስት የወይን ሐረጎች ፊት ቆመናል። ላንቃሞ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ የሲዳማ ሰው ነው። አማርኛ ሁለተኛ አፉ ስለሆነች በቁጠባ ይጠቀምባታል። እኔ ደግሞ አንደኛ አፌ ሆና እንኳ እቆጥባታለሁ። ሁለት ቁጥብ ሰዎች ሲገበያዩ፣ ታውቃላችሁ፣ ከሚነገረው የሚታሰበው ይበዛል።

«ይሄ ነጩ፣ ሽታው ሽቶ ነው። ለቤት» አለ። «ይሄ ቀዩ፣ ፍሬው ትልልቅ፣ ዓይን ይጠራል። ለገበያ። ይሄ ጥቁሩ...» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ሆዱ ዘር ብቻ። የመጠጥ ወይን ነው፣ ይጨመቃል። ቸኩሎ የቀመሰው ሰው ይተፋዋል።»

የፈረንጅ ስማቸውንም ነግሮኝ፣ በወረቀት ጽፎ ቁራጩ ላይ ሊያስርልኝ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ፊደል ስላልቆጠርኩ ወረቀቱ ከቅጠሉ አይለይብኝም። ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ቀጥሎ የምናገረውን ስትሰማ ብዕሯን አንሥታ «አባዬ፣ ይሄም ይጻፍ?» አለችኝ። ይጻፍ አልኳት።

«የማይበላው የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ላንቃሞ መቀሱን ዘጋ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እየመጣ ጣፋጩ የቱ ነው፣ ቶሎ የሚያፈራው የቱ ነው ሲለው ኖሯል። የማይበላ ወይን ፍለጋ ከሀዋሳ ቱላ ድረስ በባጃጅ ሲንገጫገጭ የመጣ ሽማግሌ ግን ገና ማየቱ ነበር።

«ለምን ፈለጉት አባባ?»

«ለጦጣ ብዬ» አልኩ።

ዋሸሁ። ነገሩ ጦጣ አልነበረም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ አጥር ምን ይከለክላል? ሰው ይከለክላል፣ ውሻ ይከለክላል፣ አንዳንዴ ሌባም ይከለክላል። ቅርንጫፍ ግን አይከለክልም። ዛፍ የቤት ካርታ አያነብም፣ እንደኔው ያልተማረ ነው። ፀሐይ ወዳለችበት ይሄዳል፣ በቃ።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ቤቴ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ከድር የሚባል ጎረቤት አለኝ። የስልጤ ሰው ነው፣ ባለሱቅ። ሱቁ ውስጥ ከበርበሬ እስከ ባትሪ ድንጋይ የማይገኝ ዕቃ የለም፣ አፉ ውስጥም የማይገኝ ቃል የለም። ሚስቱ ዘይነባ ትባላለች፣ ልጆቻቸው አራት ናቸው። የኔ ግቢ ውስጥ የቆመው አቮካዶ ታዲያ ግማሽ ጎኑን ወደነሱ ጥሏል። በሰፈራችን ልማድ ደግሞ አጥር የተሻገረ ፍሬ የተሻገረበት ግቢ ንብረት ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። ስለዚህ አቮካዶዬ ውሃውን ከኔ እየጠጣ ለከድር ልጆች ሲያፈራ ኖረ። ከድርም «አባባ፣ አቮካዶዎ እኮ ቅቤ ነው!» እያለ በአጥሩ ላይ ያመሰግነኛል። የገዛ ፍሬህ ጣዕም በሰው አፍ ሲነገርህ ምን ትላለህ? እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቅዞ ነበር።

የወይኑን ነገር ያመጣችው ባለቤቴ ጽጌ ናት። በየዓመቱ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ጧፍና ዘቢብ ይዛ ትሄዳለች። ዘቢቡን ከየት ነው የምትገዛው? ከከድር ሱቅ። አንድ ዓመት ከንግሡ ስትመለስ ነጠላዋን እያጠፈች «አንድ ጊዜ እንኳ ከገዛ ደጄ የበቀለ ዘቢብ ይዤ በተሳለምኩ» አለች። ጽጌ ከኔ ጋር ስትኖር ብዙ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ዝምተኛን ምን ብለው ይጠይቁታል? ያን ቀን ግን «እተክልልሻለሁ» አልኳት። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ከአፌ ብዙ ስለማይወጣ የወጣውን አላጥፍም።

አቮካዶው ግቢዬን በሙሉ በጥላው ስለሸፈነው ወይን ሊይዝ የሚችለው ያው የከድር አጥር ሥር ብቻ ነው። ይህን ሳስተውል የቀረውን በራሴ ጨረስኩት። ጣፋጩን ብተክል ሐረጉ ይሻገራል፣ አራቱ ልጆች ያጸዱታል፣ ጽጌ ባዶ እጇን ትቀራለች። የማይበላውን ብተክል ግን ማንም አይነካውም፣ መጠጡም እነሱን አይመለከት፣ ዘቢብ እስከሚሆንበት ቀን ድረስ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ለቤቱ የሚተክል ሰው በምላሱ ይመርጣል፣ ለገበያ የሚተክል በሰው ዓይን ይመርጣል። እኔ ሰው በምገፋበት ክርኔ መረጥኩ። ክፋት ገና ስትታሰብ፣ ልብ በሉ፣ ብልሃት ትመስላለች።

ላንቃሞ ጥቁሩን እየቆረጠ ሳቀ። «ጦጣ ይሄን አይበላም፣ ልክ ነዎት። ጦጣ እስኪበስል አይጠብቅም። የጠበቀ ግን ይጣፍጠዋል።» እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀረውን ባጃጁ አስረሳኝ።

ጉድጓዱን እየማስኩ ሳለ የከድር ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«አባባ! ወይን ነው እንዴ? እሰይ! የትኛው ነው፣ ጣፋጩ?»

«ጎምዛዛው።»

«ምነው? ጣፋጩ ጠፍቶ ነው?»

«ጦጣው አስቸገረ።»

ከድር አቮካዶውን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የሀዋሳ ጦጣ እንደምታውቁት ኑሮው ሐይቁ ዳር ነው። ከእንግዳ እጅ ሙዝ መቀበል የለመደ ኩሩ ፍጡር፣ እኛ ሰፈር በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።

«እውነትዎን ነው» አለ ከድር ቀስ ብሎ። «እኔም ቤት አራት ጦጣ አለ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የኔ ሳቅ ትንሽ ዘግይታ ነው የወጣችው።

ሐረጉ እንደፈራሁት አደረገ። ሥሩን እኔ ዘንድ ተክሎ፣ ራሱን ይዞ ወደ ከድር ፀሐይ ተሻገረ። በሦስተኛው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ ገረዝኩት። ፍሬው ዝናብ ሳያሻግተው በበጋ እንዲደርስ ላንቃሞ መክሮኝ ነበር። ጥር ላይ በኔ በኩል ስድስት ቀጫጭን ዘለላ ተንጠለጠለ። በርጩማ ላይ ወጥቼ አንገቴን ባሰግግ፣ በከድር በኩል ጥቁር ዘለላ በዘለላ ላይ ተደራርቦ ቆርቆሮውን አጉብጦታል። ቀና ስል ከዘይነባ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። «እንደምን ዋሉ አባባ?» አለችኝ። «ቆርቆሮውን እያየሁ ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

«እንግዲህ ከድርን ጠይቀው» አለች ጽጌ። «አፍ አለህ አይደል?»

«እጠይቃለሁ።»

አልጠየቅሁም። ምን ብዬ? ለጦጣ ብዬ የተከልኩትን አምጣ ልበለው? ይልቅ ሳይቀድሙኝ ብዬ የኔን ስድስት ዘለላ ገና ቀይ እንዳለ ለቀምኩት። ማን እንዳይቀድመኝ እንደሆነ አትጠይቁኝ። በሰፌድ አድርጌ ኩሽናው ጣሪያ ላይ አሰጣሁት።

በማግስቱ ከሰዓት ጦጣው መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ሳጠፋ የኖርኩት ጦጣ በአካል መጣ! ጣሪያው ላይ እንደ ዳኛ ተደላድሎ ተቀመጠና አንድ ፍሬ ቀመሰ። ተፋ። ሌላ ቀመሰ። ተፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በጣም ረጅም ጊዜ አየኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ነው የሚተክል በሚል አስተያየት። በመጨረሻ ሰፌዱን ከነወይኑ ገፍትሮ ዶሮዎቹ መሀል ጣለውና ሄደ። ቢበላው ኖሮ ይህን ያህል አያናድደኝም ነበር።

በርጩማዬን ይዤ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። በከድር በኩል ቅጠል ብቻ ነው ያለው። አንድ ዘለላ የለም።

ጽጌ ሰፌዱን ከዶሮዎቹ መሀል አንሥታ አራገፈችው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው የነፈገው ነገር ሲጠፋበት ለማን አቤት ይላል? ሁለት ሳምንት ያህል ከዶሮዎቹም ያነሰ ነገር ተናግሬ ከረምኩ።

የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ዕለት ጽጌ ነጠላዋን ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ከድር ሱቅ ነዋ። እንደ ዓመቱ።»

በሩን ልትከፍተው ስትል ከውጭ ተንኳኳ። ከድር ነው። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ትሪ በሁለት እጁ ይዟል።

«እማማ ጽጌ፣ የት ሊሄዱ ነው? ሱቄ ከሆነ ዘቢብ አልቋል!»

«ውይ! ለነገ እኮ ነው ልጄ፣ ምን ይሻለኛል?»

ጨርቁን ገለጠው። ጥቁር፣ የተጨማደደ፣ የሚያብረቀርቅ ዘቢብ፣ ትሪው ሙሉ።

«የደጅዎ ነው» አላት። «ሥሩ እዚህ፣ ፍሬው እዚያ። በየዓመቱ ሱቁ ሲመጡ ‹ከገዛ ደጄ በበቀለ› ሲሉ ዘይነባ ትሰማዎታለች። ዘንድሮ ልጆቹን አንድ ፍሬ እንዳትነኩ ብላ በቁርዓን አስምላ ነው የከረመችው። እኔንም ጭምር! እስኪጠቁር ጠበቅነው፣ ጠቁሮም ጠበቅነው፣ ከዚያ ሱቁ ጣሪያ ላይ አሰጣነው። ዝንብ እንዳያርፍበት በምን እንደሸፈንነው ያውቃሉ? በአልጋችን አጎበር! ዘቢቡ አጎበር ውስጥ ተኛ፣ እኛ ሁለት ሳምንት ከሐይቁ ትንኝ ጋር አደርን።» ክንዱን ገልጦ የተነከሰበትን አሳያት።

ጽጌ አንድ ፍሬ አንሥታ አፏ ውስጥ ጨመረች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እልልታዋን ስታቀልጠው ዶሮዎቹ ተበተኑ። የከድርን ራስ ይዛ ሳመችው፣ ትሪውን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ከጨርቁ ላይ የቀረች አንዲት ፍሬ አንሥቼ ቀመስኩ። ማር ናት። የላንቃሞ ሁለተኛ ነገር በሦስት ዓመቱ ያኔ ደረሰኝ።

ከድር በሩን ሊወጣ ነው። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«ከድር።»

«አቤት አባባ።»

«ያኔ... ስተክል... ጦጣ ያልኩህ...» የዘቢቧን ዘር ከአፌ አውጥቼ በጣቶቼ አሽከረከርኩት።

ከድር ጠበቀኝ። መጠበቅ የሚችል ሰው ነው። ከዚያ አቮካዶውን አየ፣ አጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

«ኧረ ተዉት አባባ» አለኝ። «የላከኝ ጦጣው ራሱ ነው። ለከርሞ ጣፋጩን ይትከሉልን ብሏል።»