ኮርቲዞን የከለከሉት ጋሽ ሽብሩ

ሳይማር የተመረቀ ሐኪም የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ግን ከገዢ ይልቅ በሽተኛ ይበዛበታል። ሰው ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋላቸው የልብ ትርታውን ይለካሉ። የደንበኛቸውን የናዒማን የወገብ ሕመም ከቬንትሌተሩ ነፋስ ጋር አያይዘው አልጋዋን አዙረውላታል። ባለፋርማሲው ከይረዲን ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ከገዛ መደርደሪያው የትኛውን ሽሮፕ እንደሚያወርድ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። "እኔ ልንገርህ" ካሉ ነገሩ አለቀ።

ጎረቤታቸው አሰገደች ከሁሉም በላይ ታምናቸዋለች። ዝምተኛ ሴት ናት። ከቀትር በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣውን ነጭ ጭጋግ እያየች በሐሳብ ትሄዳለች።

ዘንድሮ አንገቷ ላይ እባጮች ወጡባት። ተመረመረችና ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው ተባለች። ሐኪሟ ዋናው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የምትውጠው የኮርቲዞን ክኒን አዘዘችላት።

ጋሽ ሽብሩ ፓኬቱን ገለባብጠው አዩት። "እኔ ልንገርሽ አሰገደች። ይሄ ሴቶቹ ለሠርግ እንዲወፍሩ ተደብቀው የሚውጡት ነው። ጉንጭ የሚያፋፋ ነገር እባጭሽን ዝም ብሎ ያልፈዋል?"

በካርቲየው ይህን የማያውቅ የለም። የሰፈሩ ልጅ ማይሙና ለሠርጓ ውጣው ፊቷ ሙሉ ጨረቃ አክሎ ነበር። አሰገደች ክኒኑን ሳትነካ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ጨለም ባለው ክፍሏ ጋደም ስትል፣ ክኒን እየበላ የሚፋፋ እባጭ፣ ተኩሎና አጊጦ፣ በሐሳቧ ይመጣባት ጀመር።

ይህን በስልክ የሰማችው የእህቷ ልጅ ፅዮናዊት አልተቆጣችም። ፈረንሳይ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎችን እያራባች የምታጠና ልጅ ናት። አጭር ፊልም ላከችላትና ደወለች። ጋሽ ሽብሩም ስሕተት ሊያወጡ መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

በፊልሙ ላይ የሊምፎማ ሴሎች ትንሽ ሳህን ላይ፣ ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ ይታያሉ። ኮርቲዞን ያልነካቸው ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት እየተከፈሉ ሳህኑን ሞሉት። የተጨመረባቸው ግን መጀመሪያ መራባታቸውን አቆሙ፤ ቀጥለው ተጨማደዱ፤ ከዚያም ድምፅ ሳያሰሙ ፈራረሱ። ጎሕ ሲቀድ ወደቡ ላይ አንድ በአንድ የሚጠፉትን የመርከብ መብራቶች መሰሏት። አሰገደች ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ፅዮናዊት ረጋ ብላ አስረዳቻት። ኮርቲዞን የሚባለው ሆርሞን ለሁሉም ሴል አንድ ዓይነት መልእክት አያስተላልፍም፤ ጉንጭ ላይ ስብ ያከማቻል፣ እነዚህን ግን እንዲሞቱ ያዛል። እምቢ የሚሉ እልኸኞችም ስላሉ ሌሎቹ መድኃኒቶች ይከተላሉ።

ጋሽ ሽብሩ ስልኩን ከአሰገደች እጅ ወሰዱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ልጄ፣ ሳትውጠው የቀረችው በእኔ ምክንያት ነው። ጎድቻታለሁ?"

አሰገደች በዚህ ሁሉ የጉርብትና ዘመን ጋሽ ሽብሩ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም። ፅዮናዊት አሁኑኑ ለሐኪሟ ደውለው እንዲነግሯትና አሰገደች ክኒኑን እንድትጀምር መከረቻቸው። ደወሉ። በባዶ ሆድ አይዋጥም ሲባሉ ጋሽ ሽብሩ ሮጠው ትኩስ ዳቦ አመጡ። ውኃውን ሲያቀብሏት ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

ወራት አለፉ፤ ሌላው ሕክምናም ተከተለ። እባጮቹ ሟሙ፤ ሐኪሟ ገና አላለቀም፣ ግን መልካም ነው አለቻት። አሰገደች አንድ ቀን ወደ ሱቁ ስትገባ ጋሽ ሽብሩ ናዒማን ሲያስተምሩ ደረሰች።

"ኮርቲዞኑን ያዘዝኩላት እኔ ነኝ። ሐኪሟ እንኳ አመንትታ ነበር።"

ጉዱን ሁሉ የምታውቀው ናዒማ ሳቋን በሻሿ ሸፍና ወደ አሰገደች ዞረች። "እውነት ነው እንዴ፣ እቴ?"

አሰገደች የተዘረጋውን ጨርቅ ጫፍ በጣቷ አስተካከለች።

"እውነት ነው" አለች። "የመጀመሪያዋን ክኒን ያስዋጡኝ እሳቸው ናቸው።"

ጋሽ ሽብሩ ከባንኮኒው ስር ጎንበስ ብለው፣ ያልወደቀ መቀስ ሲፈልጉ ቆዩ።