ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቁ ሐኪም

ከመድኃኒት በፊት ስብከት የሚያዝ ሐኪም የሌለበት ከተማ የለም። ለእኛ ለህንዷ ሳታራ ሰዎች የደረሱን ክቡር ዶክተር ሞሬሽዋር ፓራንጃፔ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ለጉንፋን የሚሄድ ሰው ምሳውን ቋጥሮ ነው።

ወረፋው የማያልቀው የበሽተኛ ንግግር ስለማያቋርጡ ነው። «አምላክ ክሪሽና እንኳ ወዳጁ በጦር ሜዳ ሲርበተበት መጀመሪያ ሰምቶታል። እኔ ማን ነኝና?» ይላሉ። አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው እናጉረመርማለን።

«ውስጥ ያለውን ሰውዬ ምኑን ነው ያመመው?»

«እስካሁን ወተት ስለነሳችው የምትታለብ ጎሹ ነው የሚያወራው። ወደ ራሱ ገና አልደረሰም።»

ስኳር ያለባቸው አንዲት አሮጊት፣ «ከዚህ ልደቴ በፊት ባለፈው ሕይወቴ የሠራሁት ኃጢአት ነው» ብለው ቢያለቅሱ፣ «አክስቴ፣ ያለፈውን ሕይወት ለአምላክ ይተዉት፤ የትናንቱን ጣፋጭ ብቻ ለእኔ ይንገሩኝ» አሏቸው።

«የሰርግ ላዱ ነበር። እንቢ ይባላል?»

ባለቤቴ የጉበት ካንሰር ሲይዘው ግን ሳቁ ቀረ። እኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ታላቅ ወንድሙ ዶክተሩን በር ላይ ይዞ፣ «እባክዎ፣ ጨጓራ ነው ይበሉት» ብሎ ለመናቸው።

«እኔ አልጀምርም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም» አሉት።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡና አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ስለ ሸንኮራ አገዳው አወራ፤ ስለ ጎረቤት ጉድጓድ አወራ። ምነው አሁን እንኳ ቢያቋርጡት እያልኩ ቆሜ ሰማሁ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዶክተር፣ ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ከተሳላሚዎቹ ጋር በእግሬ ፓንዳርፑር እደርሳለሁ?»

ፓንዳርፑር በየዓመቱ እየዘመረ የሚሄድበት፣ የአምላኩ የቪቶባ መቅደስ ያለበት ከተማ ነው።

«በእግርህ አትደርስም፣ ወንድሜ። ዝናቡንም አትጠብቅ። በአውቶቡስ ሂድ።»

«በዚህ ሳምንት?»

«በዚህ ሳምንት።»

ወንድሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለቤቴ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነጩን ሸሚዜን እጠቢልኝ» አለኝ።

ሄድን። ግንባሩን የቪቶባ ምስል እግር ላይ ሲያሳርፍ አጠገቡ ነበርኩ። ዝናቡ ሳይገባ ሞተ።

አሁንም ዶክተሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ምንም አላመመኝም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ለወጉ ግፊቴን ይለኩና መለኪያውን ወደ ጎን ያደርጋሉ። ከዚያ ስለ ባለቤቴ አወራላቸዋለሁ።