የእንጦጦዋ የዕረፍት ጎጆ

ሰው ደህና ቤቱን ቆልፎ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ከቤቱ የባሰ ቤት ውስጥ በብርድ ሲንቀጠቀጥ መዋልን «ዕረፍት» ብሎ ስም ያወጣለት ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሰላም ልለው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ነገሩ እንግዳ ሆኖ አይደለም፤ ለድሀ የዘወትር ኑሮው ነው። አንድ ጎጆ ያለው ሰው ጎጆው ሲያፈስበት «ተቸገረ» ይባላል። ሁለት ቤት ያለው ሰው ሁለተኛው ሲያፈስበት ግን «አየር ሊለውጥ ሄደ» ይባላል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ዝናቡ አንድ ነው።

እኔ ይህን ትምህርት የቀሰምኩት በጣልያን ጊዜ ነው። ጣልያን መንገድ ሠራልን፣ ፓስታ አስለመደን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይበሉ። እኔን ያስለመደኝ ማረፍ ነው።

ያን ጊዜ ቀጨኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከመድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ በተንጠለጠለች ጠባብ በረንዳ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ እውላለሁ። ከሠፈሩ ሰው ሌላ አንዳንድ ጣልያኖችም ሱሪያቸውን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ጣልያን ግዛቱን ሊያሰፋ መጣ ቢባልም፣ እኔ በዓይኔ ሲሰፋ ያየሁት ወገቡን ነው። ያንንም የማሰፋለት እኔ ነበርኩ።

ከነዚህ አንዱ ሲኞር ጂኖ የሚባል የመንገድ ሥራ ሹም ነበር። ወሬ የሚወድ፣ አማርኛውን ከጣልያንኛ ጋር እንደ ሽሮና በርበሬ የሚደባልቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ወገቡን ስለካው ትካዜ ገባውና ስለ አገሩ ያወራኝ ጀመር። ተራራ ላይ የእንጨት ቤት አለኝ አለ። በጋም ክረምትም፣ በረዶ ሲጥልም ሳይቀር እሄዳለሁ አለ። እርሻ አለህ ወይ አልኩት፤ የለኝም አለ። ከብትስ? የለኝም። ጠበል ይኖራል ብዬ ጠየቅሁ፤ እሱም የለም። ታዲያ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ ስለው እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ምንም» አለኝ። «ቪሌጃቱራ ይባላል።»

ምንም አለመሥራት ይህን የሚያህል ረጅምና የሚያምር ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ስሙ ስንፍና ነው። ቃሉን ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ደጋግሜ አልኩት። በነጋታው እንጦጦን ቀና ብዬ ሳየው ተራራው ሌላ መስሎ ታየኝ።

ብዙም ሳልቆይ ጎጆዋን ገዛሁ። ከቀጨኔ በላይ፣ ባህር ዛፉ ሲጀምር፣ እንጨት እየለቀሙ የሚተዳደሩ አንድ ሽማግሌ ይኖሩባት ነበር። ጉልበታቸው ደክሞ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ሲሉ ልግዛዎት አልኳቸው። ተናግሬ ሳልጨርስ ቁልፉን ሰጡኝ። ቁልፍ ስል በሩ የሚታሰርባትን ጠፍር ማለቴ ነው። ግድግዳዋ ወደ ቁልቁለቱ አዘንብሎ ከተማውን የሚያጮልቅ ይመስላል። የሣር ክዳኗ ሰማይን በሦስት ቦታ ያሳያል። ሽማግሌው ዕቃቸውን ሲያወርዱ ሁሉንም ይዘው ወርደዋል፤ ቁንጫውን ብቻ ለእኔ ትተውልኛል።

ለባለቤቴ ለአስካለ ሳበስራት ቀና ብላ አየችኝ። ቤት የለንም ወይ አለች። አለን አልኳት። ታዲያ እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን አለች። «ምንም» አልኳት፤ እንደ ሲኞር ጂኖ እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

በመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይዣት ወጣሁ። ከጎጆዋ ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና ቁልቁል የሚታየውን አገር በእጄ አሳየኋት።

«ያ የእኛ ቤት አይደለም?» አለች።

«ነው።»

«እሱን ለማየት ነው የመጣነው?»

ጋቢዬን አንጥፌ ተጋደምኩ።

ሠፈሩ ደግሞ የራሱን ትርጉም ሰጠው። «ሁለተኛ ቤት አለው» ተብሎ ተወራብኝ፤ በእኛ ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። እውነት ሌላ ቤት ይዘሃል ልጄ አሉኝ። አዎ አባ፣ ከአስካለ ጋር ነው የምንሄደው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ አማተቡ። ጉዳዩ ከቁንጫ በቀር ነዋሪ የሌለባት ጎጆ መሆኑን እስካስረዳቸው ድረስ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። ከተረዱም በኋላ የፊተኛው ኃጢአት ይገባቸው እንደነበረ፣ ይኸኛው ግን ግራ እንዳጋባቸው ነግረውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ተአምር ሆነ። አስካለ ጎጆዋን ወደደች። እኔ ሳልቀሰቅሳት እሷ ትቀሰቅሰኝ ጀመር። ቅዳሜ ዕለት ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፣ በሶ ታዘጋጃለች፣ ድንች ትቀቅላለች፤ ቅርጫቱ ለሠርግ የሚሄድ ይመስላል። የጫካው ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች ሲፈትሹን እኔ ሲኞር ጂኖ ያወጣልኝን የይለፍ ወረቀት አሳያለሁ፤ እሷ ዳቦውን ቆርሳ ትሰጣቸዋለች፤ እናልፋለን። ተራራው ላይ እኔ ጋቢዬን አንጥፌ ጋደም ስል እሷ ጭራሮ ልልቀም ብላ ትሄዳለች። ስነቃ ቅርጫቱ ባዶ ነው። ሰው ተኝቶ ይህን ያህል መብላት ከቻለ የተራራ አየር ምንኛ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል እል ነበር።

ሌላም ነገር አስተውዬ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደምሴ ከየካቲቱ ግድያ በኋላ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ይሙት ይኑር ሳታውቅ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር ስታለቅስ ከርማ ነበር። ጎጆዋን ካዘወተርን ወዲህ ማልቀሷን ተወች። ያንንም ለንጹሑ አየር ቆጠርኩለት። ያገባኋት እኔ፣ ያስተማርኳት እኔ፣ ያሠለጠንኳት እኔ እያልኩ በልቤ ስኮራ ነበር፤ ሞኝ ሲኮራ ደግሞ ጊዜ አይበቃውም።

ክረምቱ ገባ። እንጦጦን በሐምሌ ወጥታችሁት ታውቃላችሁ? አንድ እርምጃ ወደ ላይ ስትወጡ ጭቃው ሁለት ወደ ታች ይመልሳችኋል። ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ጎጆዋ ውስጥ ከውጭ ይልቅ ይዘንባል፤ ውጭ ያለው ቢያንስ አልፎ አልፎ ያባራል። እኔ በቃኝ፣ እስከ መስቀል እንተወው አልኩ። አስካለ ግን ሲኞር ጂኖ በክረምትም ይሄዳል ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ አለችኝ። በገዛ ቃሌ ታስሬ፣ በጭቃ ተለውሼ ክረምቱን ሙሉ አረፍኩ። ሰኞ ሰኞ የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በእግሬ ሳይሆን በምሬቴ ነበር።

ያ ቀን የመጣው ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ፈክቶ ሳለ ነው። ከሰዓት በፊት፣ ፀሐይዋ ሞቅ ባለች ሰዓት ደጁ ላይ ጋቢዬን አንጥፌ ተጋድሜአለሁ። አስካለ ጎጆዋ ውስጥ ናት፤ እየጠረገች መስሎኛል። የጫማ ድምፅ ሰምቼ ቀና ስል አንድ የጣልያን መኮንን፣ ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች፣ ከጎኑ ደግሞ ኮት የደረበ ያገራችን ሰው ቆመዋል። ይኸኛው አስተርጓሚው ነው። አስካለ ብቅ ብላ በሩ ላይ ቆመች፤ መቃኑን በሁለት እጇ ይዛለች።

ይህ የማን ቤት ነው አሉኝ። የእኔ ነው አልኩ። የት ትኖራለህ አሉኝ። ቀጨኔ አልኩ። ቀጨኔ ቤት ያለው ሰው ጫካ ውስጥ ሌላ ቤት ምን ያደርግለታል፣ ተራራ ላይ ቤት ያለው ሽፍታና የሽፍታ ቀላቢ ብቻ ነው አለ መኮንኑ። ነገሩ ወደ ገመድ እየሄደ መሆኑ ገባኝ።

«ለማረፍ ነው የመጣሁት» አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን ቃል ከለቅሶ ቤት ውጭ ሰምቶት አያውቅም መሰለኝ፣ ደንገጥ አለ። «ማነው ያረፈው?» አለኝ።

«እኔ ነኛ» አልኩት።

ዞር ብሎ ለመኮንኑ ሲያስረዳ «ሞርቶ» የምትል ቃል ጆሮዬ ጥልቅ አለች። ለመሞት ነው የመጣው ብሎ ተርጉሞልኛል። መኮንኑ ከላይ እስከ ታች አየኝና አንድ ነገር አለ። አስተርጓሚውም፣ «ደህና ትመስላለህ ይልሃል» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢሆንም ሊረዱህ ይችላሉ» ሲል ጨመረልኝ።

ያን ጊዜ የሲኞር ጂኖ ቃል ትዝ አለችኝ። «ቪሌጃቱራ» አልኩ።

መኮንኑ አፉን ከፈተ። ድንጋይ አፍ አውጥቶ ቢናገር እንዲህ የሚገርመው አይመስለኝም። ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት። ሳቀ። ወታደሮቹም እሱ ስለሳቀ ሳቁ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። እንግዲያስ እንይህ፣ ልታርፍ ከመጣህ እረፍ አለኝ በአስተርጓሚው አፍ። እሱም ከፊቴ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠ።

ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ለሥራ ፈትነታችሁ ማስረጃ አምጡ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን ላድርግ? ተጋደምኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳምንቱን ሙሉ ለበዓል ልብስ ስሰፋ አምሽቼ ነበር፤ ፀሐይዋም ሞቃለች፣ ባህር ዛፉም ሹክ ይላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምነግራችሁ አስካለ እንደነገረችኝ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር።

ማስመሰል አይደለም፤ የእውነት እንቅልፍ ወሰደኝ። አፌን ከፍቼ፣ አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አንኮራፋሁ። መኮንኑ በመጀመሪያ በጥርጣሬ አየኝ አለች። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ስታርፍ ጎንበስ ብሎ ተመለከተኝ፤ አልነቃሁም። ቀጥሎ እሱም የኮሌታውን ቁልፍ ፈታ። ከተማውን ቁልቁል አየ። አስካለ ከቅርጫቱ ድንች ወርውራ ሰጠችው፤ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም። በላ። በመጨረሻ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ለአስካለ ተረጎመላት፤ «እንዲህ ያለ ስንፍና በማስመሰል አይገኝም፣ ጌታዬ አምኖታል» ነው ያላት።

የነቃሁት አስካለ ስትቀሰቅሰኝ ነው። ከጎኔ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሄዱ ወይ አልኳት። ሳትመልስልኝ ከጎጆዋ ውስጥ ጎፈሬውን ያሳደገ፣ እግሩ በጨርቅ የታሰረ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው እያነከሰ ወጣ። ካየሁት ዓመት ያለፈኝ ደምሴ ነው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ከበሩ ጀርባ፣ ከአስካለ ቀሚስ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ጣቱን ምላጩ ላይ አድርጎ ቆሞ ኖሯል። እግሩን ተመትቶ ቁስሉን ልታጥብለት አስገብታው ነበር። መኮንኑ ቢገባ ኖሮ ይተኩስ ነበር፤ ከተኮሰ በኋላ ደግሞ እኛ ሦስታችን የት እንደምንሆን አትጠይቁኝ። ፍርሃቱ ያን ጊዜ ገና መጣ። እስከዚያ ደፋር የነበርኩት ስለማላውቅ ብቻ ነበር።

ሲለቀኝ ተቆጣሁ። ያ ሁሉ ዳቦ፣ ያ ሁሉ ጭራሮ፣ ያ የሐምሌ ጭቃ፤ ይህን ሁሉ እሁድ አንድ ቃል ሳትነግሪኝ ወይ አልኳት። በእኔ ቤት፣ በእኔ ወረቀት፣ በእኔ አንገት። አስካለ እስክጨርስ ጠበቀችኝና በእርጋታ መለሰች።

«ብነግርህ ኖሮ ዛሬ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

ደምሴ ወደ መሬት አየ። እኔም ጋቢዬን ማጠፍ ጀመርኩ። ወንድሟ ነው፤ እኔስ ቢሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ሱሪውን የሰፋሁለት ልጅ አይደል? ቅዳሜ ሲመጣ ዱቄቱን ከገበያ የገዛሁት እኔ ነበርኩ።

እንቅልፌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ። መኮንኑ አንዳንድ እሁድ በዚያ ሲያልፍ «ቪሌጃቱራ» እያለ ከሩቅ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ልቤ እንደ ከበሮ እየደለቀ አንኮራፋለሁ። በእውነተኛ እንቅልፍ የሚመጣው ማንኮራፋት ሲያስመስሉት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። አስካለ አሁን በጣም አበዛኸው፣ አሁን ደግሞ አነሰ እያለች ታርመኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እየሠራሁ አልደክምም፤ እሁድ አርፌ ስመለስ ግን እንደ ተደበደበ ሰው እሆናለሁ። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ እንዲህ አረፍኩ።

ጣልያን ወጣ። ደምሴም እያነከሰ፣ ግን በሕይወት፣ ከነጎፈሬው ቤታችን ገባ። አስካለ በግ አሳርዳ፣ ጠላ ጠምቃ ሠፈሩን ጠራች። የንስሐ አባታችን ባርከው ማዕዱ ሲቆረስ ደምሴ ተነሣና ስለ እኔ ይናገር ጀመር። ጋሼን እንደ ተራ ልብስ ሰፊ አትዩት አለ። የጠላት መኮንን ከፊቱ ተቀምጦ፣ ወታደር ከቦት፣ ሞት አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ያላንዳች ፍርሃት የተኛ መስሎ ጠላትን ያታለለ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍ እንኳ ያልተነቃነቀ ጀግና ነው አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛ ቤት አለው ብላ ስታማኝ የነበረች አንዲት ጎረቤት ሳትቀር እንባዋን ጠረገች።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ውሸት አይሆንልኝም። የለም፣ በዚያን ቀንስ እውነት ተኝቼ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። አስካለ አጠገቤ ነበረች። ከዶሮ ወጡ ጠቅልላ፣ ከነእንቁላሉ አጎረሰችኝ። ጉርሻው ትልቅ ነበር። አላምጬ እስክውጠው ድረስ ወሬው ወደ ሌላ አልፎ፣ እኔም በዚያው ጀግና ሆኜ ቀረሁ።